ጭራቁ ስንት ኪሎ ይመዝናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የመጡት ምናባዊ ዓለም ፈጥረው ልብ ወለድ ከሚጽፉ አንባቢያን ነው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በጭራቁ ላይ ነው። መልሳችን በቁጥር የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም አካል፣ ረሃብና ገደብ የሌለው ጭራቅ ማንንም አያስፈራም ብለን ስለምናምን ነው።

ጥያቄ፦ በምጽፈው ልብ ወለድ ውስጥ ተራራ ላይ የሚኖር ዘንዶ አለ። ርዝመቱ 30 ሜትር ነው፤ ክንፍ አለው፤ ይበራል። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ይህን የሚያህል እንስሳ መብረር ቀርቶ መቆምም አይችልም» ብሎ ተከራከረኝ። ዓለሙ የፈጠራ ከሆነ ይህ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። በስሌት እንየው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንሽላሊቶች ትልቁ ኮሞዶ ድራጎን የሚባለው ነው፤ ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ይህን እንስሳ ቅርጹን ሳንለውጥ አሥር እጥፍ እናሳድገው። ርዝመቱ 30 ሜትር ይሆናል። በርዝመት ብቻ ሳይሆን በወርድና በቁመትም ስለሚያድግ ክብደቱ 10 × 10 × 10፣ ማለትም 1,000 እጥፍ ይጨምራል፤ 70 ቶን ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የእግር አጥንት ጥንካሬ ግን የሚወሰነው አጥንቱ ቢቆረጥ በሚታየው ስፋት ነው። ያ ስፋት የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥንት ከቀድሞው አሥር እጥፍ ጫና ያርፍበታል። ጋሊሊዮ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቷል፤ ግዙፍ እንስሳ አጥንቱ ከመጠኑ በላይ መወፈር እንዳለበትም በሥዕል አሳይቷል።

በረራው ደግሞ ይብሳል። እስከ ዛሬ ከታወቁት በራሪ እንስሳት ሁሉ ከትልቆቹ አንዱ ኬትዛልኮአትለስ የሚባለው የጥንት ፍጡር ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 11 ሜትር፣ ክብደቱ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ድረስ ይገመታል። የእርስዎ ዘንዶ ከእሱ 280 እጥፍ ይከብዳል።

ሁለት መውጫ አለዎት። አንደኛው መቀነስ ነው፤ እኛም የምንመክረው እሱን ነው። ያንኑ እንሽላሊት ሦስት እጥፍ ብቻ ቢያሳድጉት 9 ሜትር ርዝመትና 1.9 ቶን ክብደት ያለው፣ በበር የማይገባ፣ ፈረስ ጎትቶ የሚወስድ አውሬ ያገኛሉ፤ ግን አይበርም። የሚበር ከፈለጉ 250 ኪሎ፣ 11 ሜትር ክንፍ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አጥንት፣ ረጅም አንገትና እንደ ቀጭኔ ከፍ ያለ ቁመት ይስጡት። እንዲህ ያለው ፍጡር መሬት ላይ ክንፉን አጥፎ በአራት እግሩ ይራመዳል፤ ሲነሳም በፊት እግሮቹ ራሱን ወደ ላይ ወርውሮ ነው። ከ30 ሜትሩ ዘንዶ ይልቅ ይህ በእህል መሐል ቀስ እያለ ሲራመድና ሰው እየፈለገ አንገቱን ሲያዘነብል እጅግ ያስፈራል።

ሁለተኛው መውጫ አስማት ነው። «አስማት ይሸከመዋል» ማለት ይችላሉ፤ ነገር ግን አስማቱ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ይወስኑ። ለምሳሌ ኃይሉን የሚያገኘው ከተራራው ዓለት ከሆነ፣ ከተራራው በራቀ ቁጥር አጥንቱ መሰንጠቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ 70 ቶኑ ክብደት ለታሪኩ ይሠራል፤ ጀግናው ዘንዶውን አባብሎ ወደ ሜዳ ማውጣት አለበት። የጓደኛዎ ተቃውሞ ሴራ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ጭራቅ 2 ቶን ይመዝናል። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስንት እንዲኖሩ ላድርግ? ስንት በግስ ይበላሉ?

መልስ፦ ይህን ሳይጠይቁ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ሸለቆው በጭራቅ ይሞላል፤ መንደሩም እዚያው አጠገብ ለመቶ ዓመት በሰላም ይኖራል።

ስሌቱ ይህ ነው። ሥጋ በል አጥቢ እንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት፣ 90 ኪሎ የሚመዝን አዳኝ በቋሚነት እንዲኖር በአካባቢው 10,000 ኪሎ ያህል የሚታደን እንስሳ መኖር አለበት። የእርስዎ 2 ቶን ጭራቅ እንግዲህ 222 ቶን ታዳኝ ይፈልጋል። አንድ በግ 40 ኪሎ ቢመዝን 5,500 በጎች መሆኑ ነው። ይህ በቀን የሚበላው እንዳይመስልዎ፤ መንጋው እየተበላም እየወለደ እንዳያልቅ ሁልጊዜ መኖር ያለበት ብዛት ነው። አንድ ሸለቆ አንድ ጭራቅ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ካደረጉ አንደኛው ሌላውን ማባረር ወይም መብላት ይኖርበታል።

ደመ ቀዝቃዛ ካደረጉት ሁሉም ይለወጣል። ደመ ቀዝቃዛ እንስሳ በክብደት ከሚተካከለው አጥቢ እንስሳ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ምግብ ይበቃዋል። 550 በግ ያለው መንደር ያኖረዋል። አበላሉም ሌላ ነው፤ ኮሞዶ ድራጎን በአንድ ጊዜ ከራሱ ክብደት እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ሥጋ ውጦ ከዚያ ለሳምንታት ሳይበላ ይቆያል። በዚህ ልክ የእርስዎ ጭራቅ በአንድ ሌሊት 40 በግ ያወርዳል፤ ከዚያም ይሰወራል።

ለጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። መንደርተኛው ቀን መቁጠር ይጀምራል። ከበላ ስንት ቀኑ? ባለፈው ሲመጣ ስንት ቀን ቆየ? ከዚህም በላይ ደመ ቀዝቃዛ አውሬ በልቶ ሲጠግብ ሰውነቱን በፀሐይ ማሞቅ አለበት፤ ካልሞቀ የዋጠው ሥጋ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከጠገበ በኋላ የት እንደሚተኛ ይታወቃል፤ ገላጣ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ዓለት ላይ ነው። ሦስት ቀን ዝናብ ቢጥልስ? የበላውን ያስመልሳል፤ እንደገናም ይርበዋል፤ ሰዎቹ ሳይጠብቁት ተመልሶ ይመጣል። አንድ የአየር ለውጥ የቀን ቆጠራውን ሁሉ ያፈርሳል።

ጥያቄ፦ ጭራቄ እሳት ይተፋል። አንባቢ «እሳቱ ከየት መጣ?» ቢለኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ሦስት ነገር ያዘጋጁለት፤ የሚነድ ነገር፣ የሚያቀጣጥል ነገርና ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ።

ተፈጥሮ ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር ሠርታለች። ቦምባርዲየር የሚባለው ጢንዚዛ በሆዱ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሃይድሮኪኖን የሚባሉ ኬሚካሎች ያጠራቅማል። ሲነኩት ፈሳሹን ወደ ሁለተኛ ክፍል ይለቀዋል፤ እዚያ ኢንዛይሞች ሲያገኙት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሞቆ ተኩሶ ይወጣል። የሚተኩሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ምት ነው። በምቶቹ መካከል ክፍሉ በአዲስ ፈሳሽ ስለሚቀዘቅዝ ጢንዚዛው ራሱን አያቃጥልም። ሁለት ክፍልና በምት የሚሠራ መዝጊያ፤ ይህን ንድፍ ለጭራቅዎ ይውሰዱለት።

የሚነደው ነገር ጋዝ ባይሆን ይሻላል፤ ጋዝ ከአፍ እንደወጣ ይበተናል። ከሰውነቱ ስብ የሚመነጭ ዘይት ይሁን። በመንጋጋው ሥር በሁለት ከረጢት 20 ሊትር ይያዝ፤ አንድ ትፋት 2 ሊትር ቢፈጅ አሥር ጊዜ ይተፋል፤ ከዚያ ባዶ ነው። ለመሙላት ስንት ይፈጅበታል? 20 ሊትር ዘይት 18 ኪሎ ያህል ስብ ነው፤ ይህም 165,000 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። አንድ ኪሎ ሥጋ 2,000 ካሎሪ ቢሰጠው፣ አንዲት ጠብታ ሳትባክን እንኳ ከ80 ኪሎ በላይ ሥጋ ለእሳቱ ብቻ መብላት አለበት። እንዲህ የከበደ ነገር በከንቱ አይተፋም። በየምዕራፉ ያለ ምክንያት እሳት የሚተፋ ጭራቅ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲጽፉ የሚበላሹት ነገሮች እነዚህ ናቸው። በቀጭኑ የሚወጣ ዘይት ሩቅ ይደርሳል፤ አየር በደንብ ስለማያገኝ ግን አነዳዱ ደካማ ነው፤ ያረፈበት ላይ ተለጥፎ ነው የሚያቃጥለው። እንደ ጉም የሚረጨው ደግሞ በኃይል ይነዳል፤ ሩቅ ግን አይሄድም። አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ አይቀላቅሉ። ነፋስ ፊት ለፊት ከነፈሰ የሚረጨው እሳት በገዛ ፊቱ ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ ብልህ ጭራቅ ነፋስን ከኋላው አድርጎ ይመጣል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ እሳቱ አየሩን ይበላዋል፤ ጭሱም መውጫ ያጣል። በጠባብ ዋሻ ውስጥ እሳት የተፋ ጭራቅ ራሱም ይታፈናል። ጀግናው ይህን ካወቀ ከሜዳው ይልቅ ጎሬው ውስጥ መግባቱ ትርጉም ያገኛል።

ጥያቄ፦ ጭራቄን በሁለት ገጽ ገልጬዋለሁ፤ ስድስት ዓይን፣ ጥቁር ቅርፊት፣ ሦስት ረድፍ ጥርስ። ያነበቡት ሁሉ ግን «አላስፈራንም» ይላሉ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ሁለቱ ገጾች ናቸው የጎዱት። የላኩልን ክፍል እንዲህ ይጀምራል፦ «ከጨለማው ውስጥ እጅግ አስፈሪ፣ ስድስት ዓይን ያለው አሰቃቂ ፍጡር ብቅ አለ። ዓይኖቹ እንደ ፍም ያበሩ ነበር።» «አስፈሪ» እና «አሰቃቂ» የሚሉት ቃላት አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ፍርድ ቀድመው ይነጥቁታል። ስድስቱ ዓይኖችም ስድስት ስለሆኑ ብቻ አያስፈሩም። ይህን ይመልከቱ፦

«ውሻው መጮህ አቆመ። እረኛው ችቦውን ወደ በረቱ አዞረ፤ ከአጥሩ ማዶ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች አበሩ። ቀበሮ ነው ብሎ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲል ነጥቦቹ ከፍ አሉ፤ ከአጥሩ በላይ፣ ከበረቱ ጣሪያ በላይ። ከዚያ ጠፉ። የሚሸሽ ኮቴ ግን አልተሰማም።»

እዚህ ስለ ጭራቁ የተነገረን ሁለት ነጥብ ብርሃንና ቁመቱ ብቻ ነው። የቀረውን አንባቢው ይሞላዋል። ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦ መጀመሪያ የሌሎች እንስሳት ዝምታ ወይም ሽሽት፣ ከዚያ አሻራው፣ ከዚያ ድምፁ፣ ከዚያ አንድ የሰውነቱ ክፍል፤ ሙሉ አካሉ ከታሪኩ እኩሌታ በፊት ባይታይ ይመረጣል። ሲታይም አንድ ነገር ብቻ በቅርብ ያሳዩ፤ ለምሳሌ በሁለት ጥርሱ መሐል ተሰክቶ የቀረ የበግ ፀጉር።

ስለ ዓይን ብርሃን አንድ ነገር ይታወቅ። የሌሊት አውሬዎች ዓይን ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ከዓይን ኋላ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን የመጣውን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ዓይን የለም፤ ችቦ ወይም ፋኖስ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚወጣ ጥሩ ነገር አለ። ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ ምንጩ ስለሆነ ዓይኖቹን አጉልቶ የሚያየው ችቦውን በፊቱ አጠገብ የያዘው ሰው ነው። ከእሱ አሥር እርምጃ ወደ ጎን የቆመው ጓደኛው ምንም ላያይ ይችላል። «አየሁ» እና «የለም» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ አንባቢው ማን ልክ እንደሆነ ያውቃል።

ለድምፅም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያድርጉ። «ምድር ያንቀጠቀጠ ጩኸት» ተሰልችቷል። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም አይሰማም፤ ዝሆኖች ግን በዚያ ድምፅ ኪሎ ሜትሮችን ተሻግረው ይግባባሉ። አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዘመድ ወንዱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲያጓራ፣ ከጀርባው በላይ ያለው ውሃ በዝቅተኛው ድምፅ ተመትቶ ጠብታ በጠብታ ወደ ላይ ይዘላል። ጀልባ ላይ ያለ ገፀ ባሕርይ ምንም ሳይሰማ ውሃው ዙሪያውን መዝለል ቢጀምርስ?

ጥያቄ፦ በሬ የሚያህል ሸረሪት ይቻላል?

መልስ፦ በአስማት እንጂ በሥጋ አይቻልም። የአተነፋፈስ ሥርዓቱ ለዚያ መጠን አይበቃም፤ ውጫዊ ቅርፊቱም ክብደቱን አይችልም። ካስገቡት ግን ሁለት እውነተኛ ነገር ይዘው ይግቡ። ሸረሪት ዋና ዋና የእግሩን መገጣጠሚያዎች የሚዘረጋው በጡንቻ ሳይሆን በሰውነቱ ፈሳሽ ግፊት ነው፤ የሞተ ሸረሪት እግሩን አጥፎ የሚገኘውም ግፊቱ ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ አንድ ጥልቅ ቁስል ሌሎቹን እግሮችም ሊያሰንፍ ይችላል። ደግሞም ለማደግ ቅርፊቱን ያወልቃል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳ ነው፤ ይደበቃል። ጎሬው ደጃፍ ላይ ባዶ ቅርፊት ያገኘ አዳኝ ሁለት ነገር በአንዴ ያውቃል፤ ጭራቁ አሁን ደካማ ነው፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ከቅርፊቱ ይተልቃል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ምዕራፍ ጀግናዬ የጭራቁን ልብ በጦር ወግቶ ይገድለዋል። አንባቢዎች «በጣም ቀለለ» አሉኝ። እንዴት ላክብደው?

መልስ፦ ውጊያውን በማስረዘም አይከብድም፤ ድክመቱን ከጥንካሬው በማውጣት እንጂ። አዞን እንውሰድ። የባሕር አዞ ንክሻ ከ16,000 ኒውተን በላይ ተለክቷል፤ በሕይወት ካሉ እንስሳት ከተለኩት ንክሻዎች የሚበልጠው የለም። አፉን የሚከፍቱት ጡንቻዎች ግን ደካሞች ናቸው፤ የተዘጋ አፉን በገመድ ወይም በፕላስተር አስሮ መያዝ ይቻላል። በአንድ መንጋጋ ላይ የሚያስፈራውም የሚያድነውም አለ። ጭራቅዎ በምን እንደሚገድል ያስቡ፤ ድክመቱን እዚያው ይፈልጉ፤ ከዚያ በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ማንም ልብ በማይለው ቦታ አንድ ጊዜ ያሳዩት። ለምሳሌ አንድ ሕፃን ጭራቁ አፉን ለመክፈት ሁልጊዜ አንገቱን ወደ ላይ እንደሚያነሳ ያይ።

ስለ ጦሩም እንናገር። ልቡ የተወጋ ትልቅ አውሬ ወዲያው አይወድቅም፤ አንጎሉ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን እስኪያልቅ ለበርካታ ሰከንዶች ይንቀሳቀሳል። በእነዚያ ሰከንዶች 2 ቶን አውሬ ጦሩ እየገባበት ወደ ፊት ገፍቶ ወጊውን ይደርስበታል። የዱር አሳማ በጦር ያድኑ የነበሩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከጦሩ ስለት በታች አግዳሚ ብረት ያደርጉ ነበር፤ እንስሳው በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ እንዳይመጣባቸው ነው። የጀግናዎ ጦር አግዳሚ አለው? ዘንጉ የጀርባ ድጋፍ አግኝቷል፣ ወይስ በእጁ ብቻ ነው የያዘው? ከሌለው ጭራቁን ይገድለዋል፤ ራሱ ግን በጤና አይወጣም። ክብደቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። እጁን ይጣ፣ ወይም ዘንጉን ከኋላ ይዞለት የነበረው ወንድሙ ይሙት፤ ይህንንም አንባቢው ቀድሞ እንዲፈራው ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጭራቄ ይናገር ወይስ ዝም ይበል?

መልስ፦ ከተናገረ ድርድር ይጀመራል፤ ፍርሃቱም ሌላ ዓይነት ይሆናል። ከእንግዲህ የምንፈራው ጥርሱን ሳይሆን የሚፈልገውን ነው። ሁለቱም መንገድ ጥሩ ነው፤ መሐል ላይ መቀየር ግን አይመከርም። የሚናገር ከሆነ አፉን ይመልከቱ። እንደ አዞ ከንፈር የሌለው ፍጡር በከንፈር የሚፈጠሩትን «በ»፣ «መ» እና «ፐ» በሰው መንገድ ማውጣት አይችልም፤ «ፈ» ም ያስቸግረዋል። ከእነዚህ ነጻ የሆነ ንግግር ይጻፉለት። «እገድልሃለሁ» ማለት ይችላል፤ «እምርሃለሁ» ማለት ግን አይችልም። በወፍ መንገድ እንዲናገር ከፈለጉ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቀቀን ድምፁን የሚፈጥረው በአየር ቧንቧው ግርጌ ባለ አካል ስለሆነ ያለ ከንፈር የሰውን ቃል አስመስሎ ያወጣል። እንዲህ ያለ ጭራቅ የሚናገረው የሰማውን ነው፤ ስለዚህ ከጫካው ውስጥ የሚጣራው በበላው ሰው ድምፅ ሊሆን ይችላል።